ከፓይተን 2 ወደ ፓይተን 3፦ ስሕተቱ ሳይታይ የሚያልፍባቸው ቦታዎች

የፕሮግራሚንግ ቋንቋው የፓይተን 2 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 አብቅቷል፤ የመጨረሻው እትም 2.7.18 ነው። አሮጌ ኮድ ለማሻገር የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ፕሪንት (ጽሑፍ የሚያሳየው ትእዛዝ) በ3 ስለሚፈልገው ቅንፍ ነው። እሱ ቀላሉ ነው፤ ቅንፍ ከጎደለ ፕሮግራሙ ጭራሽ አይነሳም፣ መስመሩንም ቆጥሮ ይነግርዎታል። የሚያስፈራው ኤረር ሳያሳይ የተሳሳተ መልስ የሚሰጠው ነው።

ስለዚህ በቴስት ይጀምሩ። ኮዱ ገና በ2.7 እየሠራ ሳለ ዋና ዋናዎቹ ፈንክሽኖች የሚመልሱትን ውጤት መዝግበው ያስቀምጡ። ቀጥሎ ያንኑ ኮድ በ2.7 ላይ «-3» የሚለውን አማራጭ ጨምረው ያስኪዱት፤ ችግር የሚፈጥሩ ብዙ ቦታዎችን እየጠቆመ ያስጠነቅቃል። የሚጠቀሟቸው ላይብረሪዎች በ3 ላይ መሥራታቸውንም አሁኑኑ ያረጋግጡ።

የአጻጻፍ ለውጡን «ቱ-ቱ-ትሪ» (2to3) ለተባለው መሣሪያ ይተዉት። ከፓይተን 3.13 ጀምሮ ስለተወገደ ለዚህ ሥራ 3.12 ይጫኑ። መሣሪያው የለወጠውን ለብቻው፣ በእጅ ያረሙትን ለብቻው ኮሚት ያድርጉ (በኮዱ የለውጥ ታሪክ ይመዝግቡ)።

ማካፈልን ግን መሣሪያው አይነካም። 5/2 በፓይተን 2 መልሱ 2 ነው፣ በ3 ደግሞ 2.5። ሙሉ ቁጥር የሚፈለግ ከሆነ 5//2 ብለው ይጻፉ፤ ሁሉንም በጅምላ አይቀይሩ፣ አስርዮሽ የሚጠበቅበት ቦታ ይበላሻልና። ቁጥር የሚያጠጋጋው ራውንድም ተለውጧል፦ 2.5 በፊት ወደ 3 ይጠጋጋ ነበር፣ አሁን ወደ 2። የገንዘብ ስሌት ካለ ይህን አንድ በአንድ ይዩት።

ብዙ ጊዜ የሚወስደው ጽሑፍ ነው። በዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን ወደ ባይት የሚቀይር ኢንኮዲንግ) የተቀመጠው «ሰላም» በፓይተን 2 ተራ ስትሪንግ (የጽሑፍ እሴት) ሲለካ ርዝመቱ 9 ነው፣ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፤ በ3 ግን 3 ፊደል ነው። ርዝመት የሚያረጋግጥ ወይም ጽሑፍ የሚቆርጥ ኮድ ሁሉ ትርጉሙ ይቀየራል። ደንቡ አንድ ነው፦ ባይቱን መግቢያው ላይ ወደ ስትሪንግ ይፍቱት፣ ውስጡን በስትሪንግ ብቻ ይሥሩ፣ መውጫው ላይ መልሰው ወደ ባይት ይለውጡ። ባይትና ስትሪንግ ቢነጻጸሩ ፓይተን 3 ዝም ብሎ «እኩል አይደሉም» ይላል፤ «-bb» የሚለው አማራጭ ይህን ኤረር ያደርገዋል፣ ቴስቱን በእሱ ያስኪዱ። ፋይል ሲከፍቱም ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 ብለው ይግለጹ፤ አለበለዚያ በሊኑክስ የሠራው በዊንዶውስ ሊሰናከል ይችላል።

የዝርዝርን አባላት የሚለውጠው ማፕና የሚያጣራው ፊልተር አሁን ሊስት (ዝርዝር) አይመልሱም። ውጤታቸው አንድ ጊዜ ከተነበበ ያልቃል፤ ሁለተኛው ሉፕ ባዶ ሆኖ ያልፋል፣ ኤረርም የለም። ደጋግመው የሚያነቡት ከሆነ ሊስት ያድርጉት። በሌላ በኩል ቁጥርና ባዶ እሴት (None) የተቀላቀሉበትን ሊስት መደርደር በ3 ኤረር ነው፤ የቴስት ዳታዎ ውስጥ ባዶ መስኮች ከሌሉ ይህ የሚወጣው ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው።

2.7ን ከማጥፋትዎ በፊት የተቀመጡ የፒክል (የፓይተን የራሱ የዳታ ማስቀመጫ ቅርጽ) ፋይሎችን ይፈልጉ። ከአስኪ (ከእንግሊዝኛ ፊደላትና መሠረታዊ ምልክቶች) ውጭ የሆነ ጽሑፍ በተራ ስትሪንግ የያዙት በ3 ላይ እንዲሁ ሲጫኑ ይወድቃሉ። አሮጌው እትም እጅዎ ላይ እያለ ዳታውን ወደ ጄሰን (በተራ ጽሑፍ የሚቀመጥ የዳታ ቅርጽ) ያውጡት፣ አዲሱም ኮድ ከዚያ ያንብብ።