ጨጓራ ያለበትን ሰው ቤት ውስጥ እንዴት እናስታምም

ጎንደር ላይ ጨጓራ የሌለበት ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም፣ ትንሽ ያቃጠለው ሁሉ ጨጓራዬ ነው ይላል። እኔ የማወራው ግን ስለ ቁስለቱ ነው፣ የጨጓራው ወይ ከሱ ቀጥሎ ያለው አንጀት ግድግዳ ሲቆስል።

በርበሬውን ብቻ አትውቀሱ። ቁስለቱን በብዛት የሚያመጣው ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያና የህመም ማስታገሻ ኪኒን ነው፣ እነ ዳይክሎፌናክ አይቡፕሮፌን አስፕሪን። (ባክቴሪያውን ካገኙት ሁለት አውስትራሊያውያን አንዱ ሰው አላምን ሲለው ራሱ ጠጥቶት ታመመ፣ በፈረንጅ 2005 ኖቤል ተሸለሙ።) ስለዚህ አልጫ መስራቱ ጥሩ ነው፣ ህመሙን ያቀልላል፣ ግን አልጫ እየበሉ ይድናሉ ብላችሁ ምርመራ እንዳትተዉ። ወተትም ለጊዜው ነው የሚያበርደው። አረቄና ሲጋራ ግን በቃ ይቅር፣ ቁስሉ እንዳይሽር ያደርጋሉ።

መጀመሪያ የኪኒን ፌስታሉን ፈትሹ። እማማ ለጉልበታቸው ከፋርማሲ እየገዙ የሚውጡትን ሀኪሙ ካልጠየቃቸው አይናገሩም። ለልብ የታዘዘ አስፕሪን ካለ ግን በራሳችሁ እንዳታስቆሙ፣ ጠይቁ።

ባክቴሪያው ከተገኘ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ) እና ሁለት አንቲባዮቲክ፣ አሞክሳሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ነው፣ ጠዋትና ማታ ለ10 ወይም ለ14 ቀን። አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ዘር ነው፣ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ቀድሞ ይናገር። ኦሜፕራዞሉ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ነው የሚዋጠው። ችግሩ አፍ ይመርራል፣ ህመሙም ቶሎ ቀለል ስለሚል ሰው በመሀል ይተወዋል፣ ያኔ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል። እዚህ ላይ ጨክኑ፣ ሲውጡ ቁማችሁ እዩ። ጾም ላይ ከዋለ ለንስሐ አባታቸው በጊዜ ይነገር፣ ብዙዎቹ ለበሽተኛ ይፈቅዳሉ። መጥፋቱን ለማወቅ አንቲባዮቲኩ ካለቀ ከ4 ሳምንት በኋላ የሰገራ ምርመራ ይደገም (ኦሜፕራዞሉም 2 ሳምንት ቆሞ)፣ የደሙ ምርመራ ከዳኑም በኋላ ስለሚያሳይ ያሳስታል።

ሰገራቸውን ጠይቁ፣ አትፈሩ። ጥቁር የሚያጣብቅና የሚገማ ከሆነ፣ የቡና አተላ የመሰለ ወይ ደም ካስመለሳቸው፣ ራሳቸውን ካዞራቸው፣ ወይ ድንገት ወግቷቸው ሆዳቸው እንደ ጣውላ ከደረቀ ይንጋ አትበሉ። (የአይረን ኪኒንም ሰገራ ያጠቁራል፣ ቢሆንም ይታይ።) ምንም ሳታበሉ ሳታጠጡ ከማራኪም ሁኑ ከአዘዞ በተገኘው መኪና ቀጥታ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ፣ የኪኒን ፌስታሉንም ይዛችሁ።