ስለ ጫቱ ጎን ለጎን ሆናችሁ አውሩት

ወንድማችሁን ስለ ጫቱ ወይም ስለ ሐሺሹ ልታናግሩት ስትቀመጡ ሳሎኑ ወዲያው ችሎት ይመስላል አይደል? ቤት ውስጥ አታድርጉት። ባሕር ዳር ካላችሁ ጣና ዳር ይዛችሁት ውጡ፤ እየተራመዳችሁ አውሩ። ዓይን ለዓይን ስለማትተያዩ እንደ ምርመራ አይሰማውም። ዝም ቢልም አይጨንቅም፤ የደንገል ታንኳ ያያል፣ ፔሊካን ያያል። «ለምን ትቅማለህ?» አትበሉት። «ሰሞኑን እንቅልፍ እንደራቀህ አያለሁ፣ አሳስቦኛል» በሉና ጠብቁ። መጠበቁ ነው የሚከብደው፤ እኔ ምላሴን ነክሼ ነው የቻልኩት።

ሰዓትም ምረጡ። ምርቃና ላይ ሁሉን እሺ ይላል፣ ነገ ግን የለም። ሐራራ ሲይዘው ደግሞ ጠብ ነው። ቁርስ በልቶ፣ ከምሳ በፊት ይሻላል።

ራሱን ከሳተ ወይም ስለ መሞት ካወራ ግን ሽርሽሩን ተዉት፤ በቀጥታ ሐኪም ቤት ውሰዱት።