ጊታራችሁን ሎሚ አታጠጡት

ባለፈው ቅዳሜ የሰፈራችን ልጅ ቤዝ ጊታሩን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። «ጋሼ፣ ፍሬቶቹ ዝገዋል መሰለኝ፤ ጣቴ አይንሸራተትም» አለኝ። ፍሬት የሚባሉት አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው። ገልጬ አየሁት። ዝገት አይደለም። የሁለት ዓመት ላብና የአዳማ አዋራ አብረው ተቦክተው፣ በየፍሬቱ ሥር እንደ ድስት ቂጥ ጥቀርሻ ተጋግረዋል። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው እንደ ሰም እየተጠቀለለ ወጣ።

እዚህ ከተማ ይሄ አይገርምም። እነዚያ ከከተማው ዳር የሚሽከረከሩት የነፋስ ማመንጫዎች ዝም ብለው አልተተከሉም። ነፋሱ አዋራውን ያመጣል፣ ሙቀቱ ላቡን፤ ፍሬቶቹ የተተከሉበት የአንገቱ እንጨት፣ ፍሬትቦርዱ፣ ሁለቱንም ይሰበስባል። ግን ልንገራችሁ፣ ቆሻሻ ጊታር ሲገድል አላየሁም። ማጽዳት ሲገድል ግን አይቻለሁ። አንዱ ገዳይ ደግሞ ራሴ ነበርኩ።

በሎሚ ነው የጀመርኩት። ፍሬትቦርድ «ሌመን ኦይል» ይቀባል ሲባል እሰማለሁ። ዘይቱን ከየት አባቴ አመጣለሁ ብዬ ከገበያ ሁለት ሎሚ ገዛሁና ጨምቄ ለቀለቅኩት። ሲደርቅ ቡናማው እንጨት አመድ መሰለ። ፍሬቶቹም ደበዘዙ። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። በጠርሙስ የሚሸጠው ሌመን ኦይል አብዛኛውን ጊዜ የሎሚ ሽታ የተጨመረበት የማዕድን ዘይት ነው። የሎሚ ጭማቂ ግን አሲድ ነው። ፍሬት ደግሞ በብዛት ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ ቅይጥ ይሠራል። «ኒኬል ሲልቨር» ይሉታል እንጂ ጠብታ ብር የለበትም። መዳብ ያለበት ብረትና አሲድ ምን እንደሚሆኑ የቤታችን የመዳብ ዕቃ ይመስክር። ኮምጣጤም ያው ነው።

ከሎሚ ያመለጠው ደግሞ ወደ ምግብ ዘይት ይሄዳል። የኑግ ዘይት የቀባ አይቻለሁ። ቅቤ የቀባም አይቻለሁ፤ ፀጉር መሰለው እንዴ? የሚበላ ዘይት ሁሉ እየቆየ ይበላሻል፣ ይሸታል፣ ይጣበቃል። የተጣበቀው ላይ አዋራ ያርፍበታል፣ እና ከነበርንበት የባሰ ላይ እንገኛለን። የወይራ ዘይት ውድ ስለሆነ የተለየ እንዳይመስላችሁ። የማይበላሸው የማዕድን ዘይት ነው። ፋርማሲ ገብታችሁ «ሊኩዊድ ፓራፊን» ካላችሁ ይገባቸዋል። ቤቢ ኦይልም በአብዛኛው ያው ፓራፊን ሽቶ ተጨምሮበት ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር። «ዘይት እንጨቱን ይመግበዋል» የሚሉት ተረት ነው። እንጨቱ ከተቆረጠ ቆየ፤ አይርበውም። ዘይቱ እርጥበት ቶሎ እንዳይገባና እንዳይወጣ ያዘገያል፣ መልኩንም ያጠቁረዋል። በቃ። ስለዚህ በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ይበቃል። መጠኑ ደግሞ ለጠቅላላው ፍሬትቦርድ አምስት ስድስት ጠብታ። ካበዛችሁት እንጨቱ የማይመጠውን ይተፋዋል፣ የተተፋው ወደ ክሩ ይሄዳል፣ ክሩም ድምፁ ይደፈናል። ቀብታችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ እንዳልተቀባ አድርጋችሁ ጥረጉት።

ግን ከዘይቱ በፊት አንድ ጥያቄ አለ፦ የእናንተ ፍሬትቦርድ ዘይት ይፈልጋል ወይ? ነጣ ያለና እንደ ጥፍር ቀለም የሚያብረቀርቅ ከሆነ ምናልባት ሜፕል የሚባለው እንጨት ነው፣ ላዩም ቫርኒሽ ተቀብቷል። ዘይቱ የሚገባበት ቦታ የለም፤ ላዩ ላይ ሲንሳፈፍ ይቀራል። እሱን ውሃ ነክራችሁ በደንብ በጨመቃችሁት ጨርቅ ጠርጋችሁ ወዲያው አድርቁት። ዘይት የሚቀባው እንደ ሮዝውድና ኢቦኒ ያለ፣ በጥፍር ሲነካ የእንጨቱ ቀዳዳዎች የሚታወቁበት ባዶ እንጨት ነው። ሮዝውድ ላይ በ2017 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር ሲመጣ ብዙ ፋብሪካዎች ወደ ፓው ፌሮና ላውረል ዞረው ነበር። እነሱም ያው ባዶ እንጨት ናቸው፣ አትፍሯቸው።

የልጁ ጊታር ላይ ግን ሌላ ጉድ ነበረ። በአሮጌ ከነቴራ ስጠርገው ጨርቁ ጥቁር ሆነ። ቀየርኩት፣ አሁንም ጥቁር። ልጁ «አቤት ቆሻሻዬ!» ብሎ አፈረ። ቆሻሻው የወፈረው ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ፍሬት ድረስ ነው፤ ከአሥራ ሁለተኛው በላይ ጣቱ ደርሶ አያውቅም። (የጊታር ቆሻሻ የባለቤቱን ሚስጥር ያወጣል።) ማንም ያልነካው ሃያኛው ፍሬት ጋ ስጠርግም ጨርቁ እኩል ጠቆረ። ገባኝ፤ ቀለም ነው። ርካሽ ጊታር ላይ ነጣ ያለ እንጨት በጥቁር ቀለም ተነክሮ ኢቦኒ እንዲመስል ይደረጋል። ጨርቁ እስኪነጣ ድረስ እፈትጋለሁ ያለ ሰው ቆሻሻ ሳይሆን ቀለም ሲያስለቅቅ ይውላል። የለቀቀውን በጫማ ቀለም የመለሰ ሰውም አጋጥሞኛል። ያየ ሁሉ ያደንቃል፣ የተጫወተ ሁሉ ጣቱ ይጠቁራል።

ስለ መፈተግ ካነሳን፣ የድስት መፈተጊያ ሽቦ አይነካውም! ጊታር ጠጋኞች የሚጠቀሙበት አራት ዜሮ የሚባል በጣም የላመ የብረት ሱፍ አለ፤ የኩሽናው ሽቦ ግን እንጨቱን ይቧጭረዋል። የላመውም ቢሆን መዘዝ አለው። የሚረግፈው የብረት ብናኝ ማግኔት ወዳለበት ፒክአፕ (ከክሮቹ ሥር ያለው፣ ንዝረታቸውን የሚይዘው ክፍል) እየበረረ ይሄዳል፣ ከተጣበቀ ማውጣቱ ራስ ምታት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፒክአፑን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑት። እኔ ሽቦውን ከተውኩት ቆየሁ። አሮጌ የባንክ ካርድ በቂ ነው። የተጋገረው ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ፓራፊን አደርጋለሁ፣ ትንሽ ሲላላ በካርዱ ጠርዝ ፍሬቱን ተከትዬ እገፋዋለሁ። የቀረውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ። ምላጭ የሚጠቀሙ አሉ፣ እጃቸው የለመደ ነው። የእናንተ ካልለመደ ተዉት።

ቤንዚን፣ አሴቶን፣ በረኪና፦ ሦስቱም አይሆኑም። አሴቶን ቫርኒሹንም ፍሬትቦርዱ ላይ ያሉትን የፕላስቲክ ነጠብጣቦችም ያቀልጣል፣ በረኪና ፍሬቱን ይበላል፣ የመኪና ቤንዚን ደግሞ ቤት ውስጥ መክፈቱ ራሱ እብደት ነው። ከኮሮና ጊዜ የተረፈው ሳኒታይዘርም ለእጅ ነው የተሠራው። አልኮሉ ባዶውን እንጨት ያደርቃል፣ አንዳንድ ቫርኒሽ ደግሞ ያላላል።

ክር ውድ ስለሆነ ሳይፈቱ በክሮቹ መሃል ጣት እያስገቡ መጥረግም የተለመደ ነው። ከምንም ይሻላል እንጂ ፍሬቱ ሥር አይደርስም። ፍቱት። የተወጠረ ክር ግን በፒንሳ እንዳትቆርጡ፤ ዓይን ያጠፋል። መጀመሪያ አላሉት። የቤዝ ክር ካልተቆረጠ ተመልሶ ይገባል፣ ኪሳራ የለውም። ብሪጁ (ክሮቹ ከታች የሚያርፉበት ክፍል) በስፕሪንግ ተወጥሮ የሚንሳፈፍ ጊታር ያላችሁ ግን ሁሉንም አንዴ አታውጡ፤ ሚዛኑ ይዛባና ማስተካከሉ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጥቂት ጥቂቱን እያወጣችሁ ጥረጉ።

ልጁና እኔ ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀን። ዘይቱን ጠርገን ስንጨርስ ቤዙን ብድግ አድርጎ ወደ በሩ ሄደ። «የት ነው?» አልኩት። «ፀሐይ ላይ ላስጣው፣ ቶሎ እንዲደርቅ» አለ። በርበሬ ነው እንዴ! የአዳማ የቀትር ፀሐይ አንገቱን ያጣምመዋል፣ ሙጫውንም ያላላዋል። መኪና ውስጥ ወይም ቆርቆሮ ሥር መተውም ከዚህ አይሻልም። አስቀመጥነው፣ ክሮቹን መለስን፣ ቃኘነው። ጣቱን ከላይ እስከ ታች አንዴ አንሸራተተና ሳቀ።

ሊጠቀልለው ጋቢውን ሲያነሳ ደግሞ አዋራው ቦነነ። ደጅ ወጥተን ለሁለት ይዘን አራገፍነው።