ስለ ፓርክ ስካውቶች ለልጆች ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ሦስተኛ ክፍል ለማስተምራቸው ልጆች «የፓርክ ስካውት ሳሉ» አልኳቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል ጠመንጃ ሳሉ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ትምህርቱን የጀመርኩት «ስካውት ማለት የዱር እንስሳት ዘበኛ ነው» ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። ልጆች የሚያውቁት ዘበኛ በር ላይ ይቀመጣል። ስካውት ግን ሲሄድ ነው የሚውለው። ስሜን ተራሮች ላይ ጠመንጃ ይዞ ጎብኚ እንደሚያጅብ እውነት ነው። ከዚያ ውጭ ግን ገደል ገደሉን ይዞ ይዞራል። የዋልያ መንጋ ሲያይ ቆም ይላል። ስንት ወንድ? ስንት ሴት? ስንት ግልገል? ቆጥሮ ይመዘግባል። እንስሳው ባይታይ እንኳ ኮቴውንና በጠጡን ያያል። ወጥመድ ካገኘ ያነሳል። ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን ሌላ መኖሪያ የለውም። ስለዚህ «ዛሬ ሦስት ግልገል አየሁ» የሚል አንድ መስመር ትልቅ ዜና ነው። ይህን ለልጆች ንገሯቸው፤ ጠመንጃውን ይረሱታል።

ሁለተኛው ስህተት ሥራውን በወሬ ብቻ ማስተማር ነው። እኔ በኋላ ደብተርና እርሳስ አስይዤ ግቢ አወጣኋቸው። ለ10 ደቂቃ እርግብ ቁጠሩ አልኳቸው። አንዷ 7 ጻፈች፤ አጠገቧ የቆመችው 11። ተጨቃጨቁ። በርራ ሄዳ የተመለሰችውን ሁለቴ ቆጥረናት ይሆን? ከጣሪያው ጀርባ ያሉትስ? ቆጠራ ለምን ከባድ እንደሆነ፣ ሰዓትና ቦታ ለምን እንደሚጻፍ ያኔ ገባቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ባወራ ይህን አላስጨብጣቸውም ነበር።

ሌላው ሁሉንም ሥራ ለአንድ ሰው መስጠት ነው። እዚህ ላይ የባሌ ተራሮች ፓርክን እጠቅሳለሁ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው አዋቂው ከ500 በታች ነው። ከሚገድሉት አንዱ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ከሰፈር ውሾች ይተላለፍበታል። ስለዚህ ቀበሮን ለማዳን የመንደር ውሻ መከተብ አለበት! ልጆች ይህን ሲሰሙ ይገረማሉ። ታዲያ ክትባቱን የሚወጋ የእንስሳት ሐኪም አለ። ቀበሮዎቹን የሚከታተል ተመራማሪ አለ። ገበሬውን የሚያነጋግር የማኅበረሰብ ባለሙያ አለ። የታመመ ቀበሮ አይቶ ፈጥኖ የሚናገር ስካውትም አለ። አስጎብኚውም ከስካውቱ የተለየ ሥራ ነው ያለው። ልጆቹን በቡድን ከፍላችሁ አንድ አንዱን ሥራ ስጧቸው።

አንዱን ግን አደራ እላለሁ። የፓርኩን አጎራባች ገበሬ ጠላት አድርጋችሁ አትሳሉት። «መጥፎ ሰዎች ከብት ያስገባሉ» ማለት ይቀላል። ብዙ ስካውቶች ግን የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው። በ2011 ዓ.ም ስሜን ተራሮች ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተዋል፤ የአካባቢው ሰው ግን ከእነሱ በፊት ተራራው ላይ ነበር። ይልቅ «ሣሩ ለከብቱም ለዋልያውም ካልበቃ ምን ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ከእኛ የተሻለ ያስባሉ።

ሁልጊዜ «እሱ» አትበሉ፤ «እሷ»ም በሉ። ሴት ልጆች ራሳቸውን እዚያ ማየት አለባቸው።

በመጨረሻ፣ ትንሽ የሚመስል ጥያቄን አትለፉት። አንድ ተማሪዬ «ስካውቱ የት ነው የሚያድረው? አይበርደውም?» አለኝ። ወደ ትምህርቱ ልመልሰው ነበር፤ ደግነቱ ተውኩት። ስሜን ተራሮች ላይ ያለው የጨነቅ ካምፕ ከ3,500 ሜትር ከፍታ በላይ ነው፤ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ስካውቱ ጋቢውን ተከናንቦ እሳት ዳር ያመሻል፣ ጠዋት በውርጩ ላይ ያደረውን ዱካ ፍለጋ ይወጣል። የቀረውን ክፍለ ጊዜ ያወራነው ስለዚህ ነበር።