ባህር ዳር ላይ ዮጋ ማስተማር ለምታስቡ፣ ለትልቅም ለልጅም

ሰሞኑን ዮጋ ማስተማር እፈልጋለሁ ከየት ልጀምር የሚለኝ ሰው ስለበዛ፣ ለሁሉም በየተራ ከማወራ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እኔን ያስጀመረኝ ወገቤ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጎብጬ ስውል ማታ ጫማዬን ለማውለቅ ጎንበስ ማለት ራሱ ያቅተኝ ነበር፣ ከዛ በዩቲዩብ ጀመርኩና ወደ ሁለት አመት ለራሴ ብቻ ሰራሁ። ይሄን የማወራው እናንተም ሶስት ወር ሰርታችሁ ክፍል እንዳትከፍቱ ነው፣ የራሳችሁ ጉልበት ሲያማችሁ ምን እንደምታደርጉ ሳታውቁ የሰው ጉልበት ላይ አትፍረዱ። ስልጠናውን በተመለከተ በብዛት የሚታወቀው የ200 ሰዓቱ ነው፣ ዮጋ አሊያንስ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት የሚመዘግበው፣ የልጆች ደግሞ ለብቻው 95 ሰዓት አለው። ከኮሮና ወዲህ በኦንላይንም መጨረስ ይቻላል፣ ኔትወርክ እስኪመጣ መጠበቁን ከቻላችሁት ማለቴ ነው። አናቶሚው ይሰለቻል ግን እንዳትዘሉት፣ ተማሪ ፊታችሁ ቆማ "እዚህ ጋ ወጋኝ" ስትላችሁ የሚያድናችሁ እሱ ብቻ ነው።

ቦታ ላይ ሁሉም ሰው የሚያስበው ሐይቅ ዳር ነው። ፎቶው ያምራል አልክድም፣ ግን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ካልሆነ አትሞክሩት። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ረፋዱ ራሱ ያቃጥላል፣ ከሰዓት ነፋሱ ይነሳል፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ትንኙ አለ፣ ወባ ደግሞ እዚህ አገር ቀልድ አይደለም። ጉማሬም ሳር ሊግጥ የሚወጣው ሲመሽ ነው። ስለዚ የሳምንቱን ክፍል ቤት ውስጥ አድርጉት፣ ሐይቁን ለወር አንድ ቅዳሜ ተዉት።

እቃ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ሰሌን ሊሾ ላይ ያንሸራትታል እሱን አትጠቀሙ፣ ፎም ቢሆን ይሻላል። ከዛ ውጪ ግን የውጪዎቹ በዶላር የሚገዙት ነገር ሁሉ ቤታችን አለ። ነጠላ ሁለት ድርብ ስለሆነ ጠቅልላችሁ ስትስቡት ጥሩ ገመድ ይወጣዋል፣ እግርን ጋደም ብሎ ለመሳብ ምርጥ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ ተጣጥፎ መቀመጫ፣ ተጠቅልሎ የጉልበት ስር ትራስ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ልብስ። እጅ መሬት አልደርስ ሲል የሚደገፉበትን ብሎክ አናጢ ከእንጨት ይቆርጥላችኋል፣ ወደ 23 በ15 በ10 ሳንቲም፣ ጠርዙን በደንብ እንዲያለሰልሰው ንገሩት።

አሁን ወደ ዋናው። የመጀመሪያ ቀን "ይሄ ሃይማኖት ነው እንዴ?" ትባላላችሁ፣ መቶ ፐርሰንት። አትዋሹ። ከህንድ የመጣ ነው፣ ከሂንዱ እምነት ጋር የተያያዘ ረጅም ታሪክ አለው፣ እኔ ግን የማስተምረው እንቅስቃሴና አተነፋፈሱን ነው፣ ማንትራ የሚባለው እየተደጋገመ የሚዜም ቃል የለም፣ ኦም የለም በሏቸው። ናማስቴም አልልም፣ ጤና ይስጥልኝ የሚል ቃል እያለን ምን ጎደለን። የንስሐ አባቴን ልጠይቅ ያለ ሰው ይጠይቅ፣ አልችልም ካለም በክብር ሸኙት። አንድ ነገር ግን ከኔ ተማሩ፣ መጀመሪያ አካባቢ በግንባር የሚደፉባትን አቀማመጥ "እንደ ስግደት" ብዬ ገለጽኳት፣ ክፍሉ ጸጥ አለ፣ ሁለቱ በሳምንቱ አልተመለሱም። ልክ ነበሩ። የሰው ጸሎት የናንተ ምሳሌ ማድመቂያ አይደለም።

ምሳሌ ከፈለጋችሁ በሬ አለላችሁ። ዮጋ የሚለው ቃል የመጣው ዩጅ ከሚል የሳንስክሪት ስር ነው፣ መጥመድ ማጣመር ማለት ነው፣ ቀንበር ላይ እንደሚጠመደው። ለጎጃም ሰው ይሄን ካላችሁት ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም፣ እስትንፋስና ሰውነት አንድ ቀንበር ላይ ናቸው፣ አንዱ ሮጦ ሌላው ከቀረ ትልሙ ይጣመማል።

ትልልቆቹን ስታስተምሩ መጀመሪያ አቀማመጥ አታሳዩ፣ እንዴት እንደሚቀመጡ፣ ቦርሳ ከመሬት እንዴት እንደሚያነሱ ዝም ብላችሁ እዩ። የኔ ክፍል ውስጥ ስልሳ ያለፋቸው እትዬ አሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲያጥቡና እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ፣ ቁጢጥ ሲሉ ተረከዛቸው ሳይነሳ ነው፣ አጠገባቸው ያለው የባንክ ሰራተኛ ግን ግድግዳ ይዞ ራሱ ይወድቃል። "አይ ልጄ፣ ወንበር ነው የበላህ" አሉት አንዴ። ይሄን ማየት አዲስ ሰው ላይ ያለውን ሀፍረት ይገድለዋል፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ካልሆነ በቀር ክፍሉን ከዛ ጀምሩ። ትከሻም እንደዛው ነው፣ "ትከሻችሁን ወደ ኋላ ሳቡ" ስትሉ ሁሉም አንገቱን ያደርቃል፣ "እስክስታ ልትመቱ ነው፣ ከበሮው ገና አልጀመረም" ስትሉ ግን ትከሻው ራሱ ቦታውን ያገኛል።

ከዛ በፊት ግን ጠይቁ። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የዲስክ መንሸራተት፣ ግላኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት፣ እርግዝና። ግፊትና ግላኮማ ያለበትን ሰው ጭንቅላቱን ከልቡ በታች አታቆዩት፣ ትንፋሽም አታስይዙት። ዲስክ ያለበት እግሩን ዘርግቶ ወደፊት አይታጠፍ። ነፍሰ ጡር ከሐኪሟ ፈቃድ ይዛ ትምጣ፣ ሆዷ ከገፋ በጀርባዋ አታስተኟት። ለስኳር ታማሚ ከረሜላ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። በሁዳዴ ውሃ ሳይቀምስ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው አለ፣ ረመዳን ላይ ደግሞ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ያን ሰሞን ላብ የሚያወጣውን ተዉትና መሬት ላይ የሚሰራውን ብቻ ስሩ። መንካት ካስፈለገ ጠይቃችሁ ነው፣ እንቢ ካለች በቃል አስረዱ፣ እንዲያውም ቃላችሁ የሚጠራው ያኔ ነው።

መጨረሻ ላይ ጋደም የሚባልባት ሻቫሳና ትርጉሟ የሬሳ አቀማመጥ ነው። እባካችሁ አትተርጉሟት። እረፍት በሏት፣ ጋቢ አልብሷቸው፣ የሚያንኮራፋውን አትቀስቅሱ።

ስም ካነሳን አይቀር፣ እጅና እግር መሬት ላይ ሆኖ ዳሌ ወደ ላይ የሚነሳበትን፣ ወደታች የሚያይ ውሻ የሚሉትንም ቀይሩት፣ ትልቅ ሰው ውሻ ሁኑ አይባልም። እኔ ጎጆ ነው የምለው፣ ቅርጹም የጎጆ ጣሪያ ነው። በሆድ ተኝቶ ደረት የሚነሳባትን እባቧን ደግሞ እናቶች ስለማይወዷት አርጃኖ አድርጌያታለሁ፣ ጣና ዳር ደረቱን አንስቶ ፀሐይ ሲሞቅ ያላየ ልጅ የለም። አንድ እግር ላይ የሚቆምበት ዛፉ ዘንባባ ነው።

ልጆች ጋ የትልልቁን ክፍል አሳጥራችሁ ብትወስዱት በአምስት ደቂቃ ይበትኑታል። ከ4 እስከ 6 አመት ላለው 20 ደቂቃ ይበቃል፣ ከዛ በላይ ለሆኑት ቢበዛ 40፣ ከ10 ልጅ በላይ ለብቻችሁ አትያዙ። የምትወጡት የምትወርዱት በጨዋታ ነው። አንድ እግር ላይ መቆምን ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወት ልጅ ቀድሞ ያውቀዋል፣ እናንተ የምትጨምሩት መሀል ላይ "ዘንባባ!" ብሎ ማስቆም ነው። በጀልባው አቀማመጥ ቁጭ ብለው እግራቸውን አንስተው ወደ ዘጌ ይቀዝፋሉ፣ ሲደክማቸው "ታንኳው ውሃ ጠጣ" እላለሁ፣ የደንገል ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ፀሐይ ላይ ወጥቶ እንደሚደርቀው ሁሉም ተዘርግቶ ይተኛል። የተጣጠፈ ካልሲ ሆዳቸው ላይ አስቀምጡ፣ ያ ታንኳ ነው፣ ሆድ ደግሞ ማዕበሉ፣ ታንኳው ሳይገለበጥ ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። ለትልልቆቹ የሆድ አተነፋፈስ ሁለት ሳምንት ይፈጅብኛል፣ ለነሱ ሁለት ደቂቃ።

የማይደረገውን በአጭሩ፣ በጭንቅላት መቆም የለም አንገታቸው ገና ነው፣ ትንፋሽ መያዝ የለም፣ ገፍቶ ማሳሳብ የለም፣ ለብቻ ከልጅ ጋር በር ዘግቶ መቀመጥ ጭራሽ የለም፣ ወላጅ አንድ ጥግ ይቀመጥ። ወላጁ ግን አፉን ይዝጋ! "የነ እንትና ልጅ እንዴት እንደሰራች እያት" ከተባለ ልጁ አለቀለት። ጥግ ይዞ የሚያይ ዓይናፋር ልጅ ካለ ተዉት፣ ቤት ሄዶ ለእህቱ ያስተምራል፣ እናቶች ነግረውኛል።

ለመጨረሻው እረፍት ኩኩሉ ነው የምንጫወተው። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ይተኛል፣ እኔ ቀስ ብዬ "ኩኩሉ" እላለሁ፣ እነሱ በሹክሹክታ "አልነጋም"። እያንዳንዱ ኩኩሉ መሀል ላይ ሶስት ትንፋሽ፣ ከዛ አምስት፣ ድምጻቸው እየቀነሰ ይሄዳል። "ነጋ" ብሎ የሚያስነሳው ያን ቀን በጣም የረበሸው ልጅ ነው፣ ተራዬ እንዳያልፈኝ ብሎ ከሁሉም በላይ ጸጥ የሚለው እሱ ነው።

ጀማሪ ከሆናችሁ ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ጀምሩ፣ መጀመሪያ ከሰፈር ልጆች ጋር በነጻ፣ አራት ልጅ ይበቃል።