አበባው ሞልቶ ቢራቢሮ ሲጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ

ግቢው በአበባ ደምቋል፤ ቢራቢሮ ግን ዝር አይልም። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ቀላል ነው። አበባውን የመረጥነው ለዓይናችን ነው፤ ቢራቢሮ የሚመጣው ደግሞ ለወለላው፣ አበባው ውስጥ ላለው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው።

ያንዣብባል፣ ግን ሳያርፍ ይሄዳል

መጀመሪያ የአበባውን ቅርጽ ጠርጥሩ። ድርብርብ አበቦች ሲያዩዋቸው ልብ ይሰርቃሉ። ነገር ግን ያ ሁሉ ድርብ የመጣው የአበባው የመራቢያ ክፍሎች በማዳቀል ወደ አበባ ቅጠልነት ስለተቀየሩ ነው። ወለላው ይቀንሳል፤ ያለውም መሃል ላይ ይደበቃል። ቢራቢሮ የሚመገበው እንደ ቀጭን ቱቦ ባለ፣ ሲያበቃ በሚጠቀለል ምላሱ ነው። የሚቆምበትና ምላሱን የሚሰድበት ክፍት ቦታ ይፈልጋል።

መፍትሄው ነጠላውን መትከል ነው። ነጠላ ዚኒያ፣ ኮስሞስ፣ የሱፍ አበባ ጥሩ ናቸው። ጥቃቅን አበቦችን በአንድ ራስ ላይ የሚሰበስቡትም፣ ማለትም ቨርቤና፣ ላቬንደርና ጦስኝ፣ በጣም ይወደዳሉ። የዚኒያ ወይም የኮስሞስ ችግኝ ስትገዙ የአበባውን መሃል እዩ። ቢጫው እምብርት ካልታየ ተዉት። ድርቡን ትቶ መምጣት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ግን ተዉት።

የወፍ ቆሎም ቢራቢሮ በደንብ ይስባል። እኔ ግን አልመክረውም። በብዙ አገሮች ከግቢ አምልጦ መሬት የወረረ ተክል ነው።

ጥሩ አበባ ተክያለሁ፣ ግን የሚያየው የለም

ቦታውን መርምሩ። ቢራቢሮ ሰውነቱን የሚያሞቀው በፀሐይ ነው። በደንብ ለመብረር የሰውነቱ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ጥላ ውስጥ ያለ አበባ ወለላው ቢሞላም ጎብኚ አያገኝም። ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከነፋስ የተከለለ ቦታ ምረጡ። አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ አትትከሉ። ከአንድ ዓይነት አምስት ስድስቱን አንድ ላይ አድርጉ፤ ከሩቅ ይታያል።

አንድ ወር ይመጣሉ፣ ከዚያ ይጠፋሉ

ሁሉም አበባ አንዴ ፈክቶ አንዴ ረግፏል ማለት ነው። ቀድሞ የሚያብብ፣ መሃል ላይ የሚያብብና ዘግይቶ የሚያብብ ቀላቅሉ። የጠወለገውን ራስ ቁረጡ፤ ዚኒያና ኮስሞስ ደግመው ያብባሉ።

ጠጥተው ይሄዳሉ፣ ግቢው ውስጥ አይራቡም

ወለላ የእናቲቱ ምግብ ነው፤ ልጇ፣ ማለትም ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል፣ ቅጠል ነው የሚበላው። ያውም ማንኛውንም ቅጠል አይደለም። አንዳንዶቹ እንቁላል የሚጥሉት እንስላል ላይ፣ ሌሎቹ ብርቱካንና ሎሚ ላይ ነው። ከአበባው አጠገብ ለትሉ የሚሆን ተክል ጨምሩ። ቅጠሉ ሲበሳሳ ደግሞ ወደ መርጫው አትሩጡ። የሚበላው ትል ነገ የምትጠብቁት ቢራቢሮ ነው። አንዳንድ ፀረ ተባይ በተክሉ ውስጥ ተሰራጭቶ ወለላው ድረስ ይገባል፤ ስለዚህ ችግኙ ምን እንደተረጨ ሻጩን ጠይቁ።

አበባውን ትተው ጭቃ ላይ ያርፋሉ

ይሄ ችግር አይደለም። በአብዛኛው ወንዶቹ ናቸው፤ ወለላ ውስጥ የማያገኙትን ጨውና ማዕድን ከእርጥብ አፈር እየመጠጡ ነው። ጭቃውን አታድርቁባቸው።