ካራክተሬ ሥራ ፈቷል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በዲኤንዲ (ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ካራክተር፣ ማለትም የታሪክ ሰው፣ ይዞ በዳይስ የሚጫወተው ጨዋታ) አንድ ተጫዋች ተራው ሲደርስ «ያው፣ እመታለሁ» ብሎ ወደ ስልኩ ከተመለሰ፣ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው የመረጠው ካራክተር ነው። ከካራክተሩ በፊት ግን ሦስት ነገር ይፈተሽ፦ ዕረፍት መቼ ይፈቀዳል፣ አንድ መሰናክል ስንት ሰው ይፈልጋል፣ ዳይሱስ በምን ይወረወራል? ከታች ያሉት ቁጥሮች በ2014 እ.ኤ.አ. ከወጣው የዲኤንዲ አምስተኛ ዕትም ሕግ የተወሰዱ ናቸው። ምሳሌው ከአንድ ጀብዱ ነው፦ አራት ካራክተሮች ጨው የጫኑ በቅሎዎችን እየጠበቁ ከኮምቦልቻ ተነስተው በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ ይወጣሉ፤ ጉም አለ፣ ሽፍታ አለ፣ ጉሙ ውስጥ ደግሞ ስሙ የማይታወቅ ነገር አለ።

«ዊዛርዱ ጨረሰው፤ ለእኔ ምን ቀረኝ?»

በብዛት የሚሰማው ቅሬታ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ከሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። ደሴ ላይ ተሰብስበው የሚጫወቱ ከሆነ የኮምቦልቻዎቹ ሳይመሽ ታክሲ መያዝ አለባቸው። ስለዚህ ጨዋታው ሦስት ሰዓት ያህል ይቆያል፣ አንድ ውጊያ ይካሄዳል፣ ይበተናል። በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም ስምንት ሰዓት እንደተኛ ሰው (በሕጉ «ረጅም ዕረፍት» የሚባለው) ሙሉ ሆኖ ይጀምራል።

አምስተኛ ሌቭል ላይ ያለ ዊዛርድ (አስማተኛ) ሁለት የሦስተኛ ደረጃ ስሎት (አስማት የሚወረወርበት ኮታ) አለው፤ በቀን አንዴ በአጭር (የአንድ ሰዓት) ዕረፍት አንዱን መመለስ ስለሚችል በቀን ሦስት ፋየርቦል (የእሳት ኳስ አስማት) ይወረውራል ማለት ነው። አንዱ ፋየርቦል ስምንት ባለስድስት ዳይስ ነው። በአማካይ 28 ጉዳት ያደርሳል፤ ያውም ከመሃሉ እስከ 6 ሜትር ድረስ ባለው ሁሉ ላይ (የሚከላከል ግማሹን ይቀበላል)። ትልቅ ሰይፍ የያዘ ፋይተር (ተዋጊ) በተራው ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ሁለቱም ካገኙለት 22 አካባቢ ነው። ልዩነቱ የፋይተሩ ሰይፍ አያልቅም፣ አክሽን ሰርጁም (በአንድ ተራ ተጨማሪ ድርጊት የሚሰጠው ችሎታ) በአንድ ሰዓት ዕረፍት ይመለሳል። የእሱ ዋጋ የሚታየው ዊዛርዱ ባዶ እጁን በቀረበት በአራተኛው ግጥሚያ ላይ ነው። አራተኛ ግጥሚያ በሌለበት ጨዋታ ፋይተር መሆን ኪሳራ ነው። ሕጉ ሲዘጋጅ በሁለት ረጅም ዕረፍቶች መካከል ከስድስት እስከ ስምንት ግጥሚያና ሁለት ያህል አጭር ዕረፍት ታስቦ ነበር።

መፍትሄው የጨዋታውን ማብቂያ ከረጅም ዕረፍት መለየት ነው። ሊበተኑ ሲሉ እያንዳንዱ የቀረውን ኤችፒ (የሕይወት ነጥብ) እና ስሎት ወረቀቱ ላይ ይጽፋል፤ ጨዋታ መሪው በስልኩ ፎቶ ያነሳዋል (ካልተነሳ በሳምንቱ ሁሉም ይረሳል፣ የሚረሳውም ሁልጊዜ ለራሱ በሚጠቅም በኩል ነው)። ከዚያ ረጅም ዕረፍት የሚፈቀድበት ቦታ በስም ይወሰን፦ ሐረጎ አናት እስኪደረስ የለም፤ በመንገዱ ላይ አጭር ዕረፍት ሁለት ቦታ። ስምንት ግጥሚያ ለሦስት ሰዓት ጨዋታ ቅዠት ነው። ሦስት ውጊያና አንድ ያለ ውጊያ የሚታለፍ አደጋ፣ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ተከፋፍሎ፣ ይበቃል።

ሌላው የጠላት አቀማመጥ ነው። ሽፍቶቹ በቅሎዎቹ መካከል ከገቡ ፋየርቦሉ ደመወዝ የሚከፈልበትን ጭነት የተሸከሙትን በቅሎዎች አብሮ ይመታል፤ ከሁለት ዙር በኋላ ከላይኛው መታጠፊያ ሌሎች ቢመጡ ደግሞ ዊዛርዱ አሁን ልወርውር ወይስ ላቆይ ብሎ ያስባል። የማይሠራው መላ የሁሉንም ጠላት ኤችፒ መጨመር ነው። ዊዛርዱን ለመቅጣት ታስቦ አንዱን ብቻ የሚመታውን ፋይተር ይቀጣል።

«የእኔ ቁጥር ትንሽ ነው፣ እሱ ይወርውር»

መሰናክሉ አንድ ውርወራ ብቻ ሲኖረው ሁሌም የሚወረውረው ያው አንድ ሰው ይሆናል። በባለሃያ ገጽ ዳይስ የሚወጣው ቁጥር ከካራክተሩ ጭማሪ ጋር ተደምሮ ዒላማው ላይ መድረስ አለበት፤ ዒላማው 15 ከሆነ +5 ያለው 55 በመቶ ዕድል አለው፣ -1 ያለው 25። ማን ይወርውር ቢባል መልሱ ግልጽ ነው፤ ሌሎቹ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ። የዚህ ተቃራኒም እኩል ይጎዳል፦ አምስት ሰው ተደብቆ ይለፍ፣ ሁሉም ይሳካላቸው ከተባለ፣ እያንዳንዱ 70 በመቶ ዕድል ቢኖረው እንኳ አምስቱም የሚያልፉበት ዕድል 17 በመቶ ብቻ ነው። ብረት ለባሹ «አንተ እዚሁ ጠብቅ» የሚባለው በዚህ ነው። ለዚህ የቡድን ውርወራን መጠቀም ነው፦ ሁሉም ይወረውራል፣ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ከተሳካለት ቡድኑ አለፈ።

ለመጀመሪያው ችግር ግን ብዙ እጅ በአንድ ጊዜ የሚፈልግ መሰናክል ማዘጋጀት ነው። ለምሳሌ አንዷ በቅሎ ጉም ውስጥ መታጠፊያው ላይ ተንሸራታ የኋላ እግሮቿ ገደሉ ላይ ተንጠልጥለዋል። አንዱ ገመዱን ይይዛል (ጥንካሬ፣ ዒላማ 15)። አንዱ ጨው ሳይበተን የጭነቱን ጠፍር ይፈታል (ቅልጥፍና፣ 12)። አንዱ የደነበሩትን ሌሎቹን በቅሎዎች ያረጋጋል (እንስሳ አያያዝ፣ 12)። አንዱ ከጉሙ የሚመጣውን ኮቴ ያዳምጣል (ማስተዋል፣ 12)። ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ፤ ማንም ሁለት ሥራ አይይዝም። አንድ ሥራ ቢከሽፍ በቅሎዋ ታነክሳለች እንጂ ምንም አይጠፋም፤ ሁለት ቢከሽፍ ጭነቱ ይሄዳል፣ ሦስት ቢከሽፍ በቅሎዋም፣ አራቱም ቢከሽፉ ገመድ ያዡም አብሮ ተጎትቶ ሁለት ዳይስ ጉዳት ይቀበላል። ደካማ ቁጥር ያለው ሰው እዚህ ላይ «እሱ ይወርውር» ማለት አይችልም፤ «እሱ» ገመድ ይዟል።

መረዳዳት ሁለት ጊዜ ወርውሮ የተሻለውን መያዝ ያስገኛል፤ 25 በመቶው ወደ 44፣ 55ቱ ወደ 80 ይጠጋል። ረዳቱ ግን በእጁ ምን እንደሚያደርግ መናገር አለበት። «ረዳሁት» ብቻ ከተፈቀደ እሱም ሥራ ፈትነት ነው።

«አንድ ቀን እንኳ አይሳካልኝም»

ይሄ ከሰውዬው ዕድል ሳይሆን ከዳይሱ ሊሆን ይችላል። ባለሃያ ገጽ ዳይስ ስላልተገኘ ሦስት የሉዶ ዳይስ ደምሮ መወርወር ቀላል ይመስላል። ሦስት ዳይስ ግን 10 እና 11 አካባቢ ይከማቻል፦ 10 እና ከዚያ በላይ (ዒላማው 15 ሲሆን +5 ላለው የሚያስፈልገው) የማግኘት ዕድል ከ55 ወደ 62.5 በመቶ ከፍ ሲል፣ 16 እና ከዚያ በላይ (-1 ላለው የሚያስፈልገው) የማግኘቱ ዕድል ከ25 ወደ 5 በመቶ በታች ይወድቃል። ጎበዙ የበለጠ ጎበዘ፣ ደካማው ተዘጋበት።

ከ1 እስከ 10 የተጻፈባቸው እኩል የተቆረጡና እኩል የታጠፉ አሥር ወረቀቶች በስኒ ይቀመጡ። አንድ ወረቀትና አንድ የሉዶ ዳይስ አብረው ይወጣሉ፤ ዳይሱ 1፣ 2 ወይም 3 ከሆነ የወረቀቱ ቁጥር እንዳለ ነው፣ 4፣ 5 ወይም 6 ከሆነ 10 ይደመርበታል። የወጣው ወረቀት ወዲያው ይመለስ፣ ስኒውም ይናጥ። የስልክ አፕም ይሠራል፣ መብራት ጠፍቶ ባትሪ እስኪያልቅ። የሉዶ ዳይሶቹ ለጉዳት ይቀመጡ።

«ካልተደበቅክ ስኒክ አታክ የለህም»

ጨዋታ መሪው ሮግን (አድፍጦ የሚመታ ካራክተር) ስኒክ አታክ፣ ማለትም ተጨማሪ ጉዳቱን፣ እንዲህ ብሎ ከከለከለ ተሳስቷል፤ መደበቅ ግዴታ አይደለም። ጥቃቱ ሁለት ጊዜ ወርውሮ የተሻለውን የመያዝ ዕድል ካለው፣ ወይም ሮጉ የሚመታው ጠላት ሌላ ባላጋራ (ለምሳሌ የሮጉ ጓደኛ) በ1.5 ሜትር ውስጥ አጠገቡ ቆሞ ሮጉ ሁለት ወርውሮ የባሰውን እንዲይዝ ካልተገደደ ይበቃል። መሣሪያው ቀስት ወይም እንደ ጩቤ ያለ ቀላል ስለት ይሁን እንጂ። አምስተኛ ሌቭል ላይ በተራ አንዴ ሦስት ዳይስ፣ በአማካይ 10 ተኩል ነው። ይህን ሲከለከል የሮጉ ጉዳት ከግማሽ በታች ይወርዳል።

የቀሩት

ፈተና ስላለበት የቀረ ተማሪ በሌቭል ወደ ኋላ አይቅር። ኤክስፒ (ሌቭል የሚያስወጣው ነጥብ) ለመጣው ብቻ ከተሰጠ በሦስት ወር ውስጥ ምንም የማይመታ ካራክተር ይፈጠራል። ሁሉም እኩል ይውጣ።

ሮጉ ብቻውን ሊሰልል ሄዶ ሌሎቹ ግማሽ ሰዓት ሻይ የሚጠጡ ከሆነ አምስት ደቂቃ ላይ ይቆረጥ፤ በር ላይ እጁን እንደዘረጋ ወደ ሌሎቹ ይዞር።

ጠረጴዛው ላይ በዕድሜ የሚበልጥ ካለ ታናናሾቹ «እርስዎ ይበሉ» እያሉ ውሳኔውን ለእሱ ይተዋሉ፤ ካራክተሮቻቸው ያልሠሩት በይሉኝታ ነው። «ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ለሁሉም መጠየቅ ይቅርና በስም፣ ከታናሽ ወደ ታላቅ ይጠየቅ። ታላቁ መጨረሻ መናገሩ ክብሩን አይቀንስም።

ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ካራክተር ይዞ ከመጣ፣ ለምሳሌ ሁለት ሮግ፣ የሠለጠኑባቸው ችሎታዎች ይለያዩ፦ አንዱ ቁልፍና ወጥመድ፣ ሌላው ማታለልና ወሬ ማውጣት። ይሄ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይነገር። ዘግይቶ ከታወቀም ችሎታውን፣ ካስፈለገም ካራክተሩን በዚያው ሌቭል መቀየር ይፈቀድ።